የዓርብ ስልክና የዮርዳኖስ ቁጥር

ሐምሌ 5 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

አንባቢዬ፣ ለሰው የማልነግረውን ላንቺ ልንገርሽ። ዛሬ ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ በአማርኛ የሚሰጥ የኮድ ትምህርት ቪዲዮ እያየሁ ነበር። የጆሮ ማዳመጫዬ ከስልኩ ጋር አልተገናኘም ኖሯል። መምህሩ «እስካሁን ያለው ገብቷችኋል?» ሲል እኔ ጮክ ብዬ «አዎ መምህር» አልኩ። ከኋላዬ የተቀመጠች የአገሬ ልጅ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «እኔም ገብቶኛል፣ ይቀጥሉ በይው» አለችኝ። እስክወርድ ድረስ ቀና አላልኩም።

ደብተሩ የግሌ ነው። ግን አሥራ ሁለት ዓመት ለመጽሔት ወሬ ስጽፍ ኖሬ ለማንም ሳላወራ መጻፍ አልችልበትም። ስለዚህ አንቺ አንባቢዬ ነሽ፤ ቻይኝ።

በዚህ ዕድሜዬ ኮድ ምን አመጣው? ባለፈው እሑድ፣ እዚህ ዓረብ አገር፣ አል ሙሽሪፍ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዳሴ በኋላ የሴቶች ማኅበራችን ተሰብስቦ ነበር። ዘጠና አራት ነን። እኔ የጥርስ ክሊኒክ ሪሴፕሽን ነኝ እንጂ አብዛኛዋ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ዓርብ ዓርብ እየተደዋወልን «አለሽ?» የምንባባልበት የስልክ ሰንሰለት አለን፤ እሱን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጭንቅላቷ የያዘችው እትዬ ዮርዳኖስ ናት። ወረቀት የላትም። ሊቀ መንበራችን አቶ ገብረ ሥላሴ «እሷ ነገ አገሯ ብትገባ ምን ልንሆን ነው? ነገሩ ሥርዓት ይያዝ» አሉ። እጄን አወጣሁ። ማን ማንን እንደምታውቅ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቼ፣ ለደዋይነት የሚሆኑትን በቁጥር ለይቼ አመጣለሁ አልኩ። የመጽሔቱ አዘጋጅም «እስቲ አንድ ቴክኖሎጂ ነክ ነገር» እያለ ሲነዘንዘኝ ከርሟል።

ክፍል የምጋራት ለይላ፣ ያስ ደሴት ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፈው የወሎ ልጅ፣ ስነግራት ፎጣዋን እያጠፈች «ዋይፋይ ሲጠፋ እኔን የምትጠሪ ሴት፣ ኮድ?» አለች።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ቅጹ አለቀ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ቢጨንቅሽ ለማን ትደውያለሽ? ሦስት ስም ጻፊ።» ስልክ ቁጥርም ነበረበት፤ «ማዳም እጅ ቢገባስ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስም ብቻ አስቀረሁ።

እግሬ አብጧል። የክሊኒኩ ሰው ሁሉ ፈቃድ ወጥቶ የሦስት ሰው ሥራ እኔ ላይ ነው።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ቅጹን አስሞላሁ። ላልገባቸው እያስረዳሁ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የእኔን ስም የጻፉት ብዙ ናቸው። አልጠበቅሁትም፤ ደስ አለኝ።

እትዬ ዮርዳኖስ ባዶውን መለሰችልኝ። «እኔ የምደውልለት የለኝም። የሚደወለው እኔ ዘንድ ነው» አለች።

«ስምሽን እንኳ ጻፊበት፣ እትዬ።»

«የትኛውን?» ብላ ስቃ ሄደች።

እንዲህ ናት። ከዚህ በፊትም ሰው በተሰበሰበበት «ሔለን የምትጽፈውን ወሬ እኛ ሳይጻፍ እናውቀዋለን» ብላ አስቃብኛለች። ቂም አልያዝኩም። ብቻ ቀኑን አስታውሰዋለሁ፤ የትንሣኤ ማግስት ነበር።

ከከተማው ርቆ ስዌይሃን ባሉት እርሻ ቤቶች የሚሠሩት አራቱ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ስለማይችሉ ቅጻቸው በፎቶ መጣልኝ፤ አራቱም ከአንድ ስልክ።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

የሁለት ቀን ሥራ ጠፋ። ደክሞኛል፣ ማልቀስም ደክሞኛል።

እያንዳንዷ ሴት በሥዕሉ ላይ ነጥብ ናት። አንዷ የሌላዋን ስም ከጻፈች በሁለቱ መካከል መስመር ይሰመራል። ከዚያ ኮዱ ሁለት ነገር ያሰላል። አንዱ ነጥቧ ስንት መስመር እንዳላት ነው። ሁለተኛው፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚወስደው አጭሩ መንገድ ስንት ጊዜ በእሷ በኩል እንደሚያልፍ ነው፤ ይሄኛውን ድልድይነት ይሉታል። ቁጥሮቹ ተደርድረው ሲወጡ አይቼ ላፕቶፑን ዘጋሁት። ዛሬ ስከፍተው የለም።

የለይላ ወንድም ሙጃሂድ አል ዐይን የኮምፒውተር አስተማሪ ነው። ደወልኩለት።

«አስቀምጠሽዋል፣ እትዬ ሔለን?»

«ስክሪኑ ላይ ነበረ እኮ።»

«ስክሪን ላይ የታየ ሁሉ አይቀመጥም። አስልቶ አሳየሽ፤ አለቀ። መጀመሪያ ቁጥሩን በየነጥቡ ላይ ለጥፊው። ቀጥለሽ ሥዕሉን ከነቁጥሩ ፋይል አድርጊው። ነገ ስትከፍቺው እያንዳንዷ ቁጥሯን ይዛ ትጠብቅሻለች።»

ለይላ ከአልጋዋ ላይ ሆና «ለእሷ ቀስ ብለህ ንገራት፤ ወሬ ካልሆነ አይገባትም» አለችው።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

በምሳ ሰዓት፣ መዝገብ ክፍል ተደብቄ። ተሳካ። ተቀምጧል። ዘግቼ ከፈትኩት፤ አለ። እንደገና ዘግቼ ከፈትኩት።

አንድ ነገር ማጽዳት ነበረብኝ። የተጻፉትን ስሞች ከማኅበሩ መዝገብ ጋር ሳስተያይ አሥራ አንዱ መዝገቡ ላይ የሉም። ኑራ የምትባል አንዲት አለች፤ እሷ ብቻዋን ከማኅበርተኛው ሁሉ በላይ መስመር አላት። የወሎ ልጅ ትሆናለች። አባል ያልሆነች ሴት ላይ ሰንሰለት ማሰር አይቻልም። አሥራ አንዱንም አጠፋሁና እንደገና አሰላሁ።

አንደኛ እኔ ወጣሁ። በሁለቱም መለኪያ።

ለሙጃሂድ «እውነት ነው?» አልኩት። «ያስገባሽው እውነት ከሆነ እውነት ነው» አለኝ። ዮርዳኖስ ሠላሳ አንደኛ ናት። ወለተ ሐና የምትባል ዝምተኛ ሴት እንኳ ትበልጣታለች፤ መልኳን አላስታውሰውም።

አልተደሰትኩም። ትንሽ ገረመኝ ብቻ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ሥዕሉን በትልቁ አሳትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ከላይ ያሉት አሥራ ሁለቱ ደዋይ ሆኑ፤ ዮርዳኖስ ቁጥሯ ስላልደረሰ ወጣች። አቶ ገብረ ሥላሴ «ዘጠኝ ዓመት ደክመሻል፤ አሁን ደግሞ እረፊ» አሏት። ተጨበጨበ።

ሥዕሉን ቆማ ስታይ ቆየች። ከዳር ያለ ምንም መስመር የተንሳፈፉትን አራት ነጥቦች በጣቷ ነካቻቸው። «እነዚህ ስዌይሃን ያሉት አይደሉም? ማን ይዟቸዋል?»

«እኔ» አልኩ። ብቸኛ ነጥቦቹን ራሴ እደውላለሁ ብዬ ነበር።

«ሃይማኖትን አደራ። እሷ ዝም ስትል ዝምታዋ ደግ አይደለም።»

«ፋይሉ ላይ አለች፣ እትዬ።»

ሃይማኖትን አንድ ቀን ነው ያየኋት፤ ለጥምቀት ማዳሟ ለቃት መጥታ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ይሆናል፣ የደብረ ታቦር ልጅ።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ። የስዌይሃን ቅጾች ወደ መጡበት ስልክ ደወልኩ። ወንድ አነሳ። «ባቃላ» አለኝ፤ ሱቅ ነው። ተሳስቻለሁ ብዬ ዘጋሁ። ሌላ ቁጥር የለኝም። ፋይሉ ላይ «ተደውሏል» የሚል ሳጥን አለ። ደውያለሁ እኮ። ሞላሁት።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

አሥራ ሁለቱም ደዋዮች ሪፖርት አድርገዋል፤ ሰማንያ ስምንት ሴት ደህና። የእኔን አራት ስጨምር ዘጠና ሁለት ደህና፤ ሁለቱ አገር ቤት ናቸው። አቶ ገብረ ሥላሴ እንዲህ ያለ ሪፖርት አይተው አያውቁም። ዮርዳኖስ ከኋላ ተቀምጣ ሰማች።

ለስዌይሃን ሌላ ቁጥር መፈለግ አለብኝ። ሰኞ።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ጾሙ ትናንት ገባ። ሙቀቱ ከአውቶቡስ ማቆሚያ እስከ ክሊኒኩ በር እንኳ አያስኬድም። ቁጥር አልፈለግሁም። ያለፈውን ሳምንት ፋይል ቀድቼ ቀኑን ቀየርኩት፤ ሳጥኖቹ እንደተሞሉ ናቸው። በሚቀጥለው አስተካክላለሁ።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ጫማ የምናወልቅበት ቦታ ጎንበስ እንዳልኩ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«የስዌይሃኗ ሃይማኖት ድምጿ ጠፋ አሉ።»

«ዮርዳኖስ የት ሄዳ?»

«ዮርዳኖስማ ተነሥታለች። አሁን በኮምፒውተር ነው።»

«ታዲያ ኮምፒውተሩን ጠይቂያ።»

ተሳሳቁ። እኔ የአንድ ጫማ ማሰሪያ ለመፍታት ሩብ ሰዓት ፈጀሁ።

ቅዳሴው አልገባኝም። ልጅቷ ሥራ በዝቶባት ይሆናል። ስልኳ ተበላሽቶ ይሆናል። ማዳሟ ጋር ለዕረፍት ሄዳ ይሆናል። ይሆናል የሚለውን ቃል ዛሬ ስንት ጊዜ እንዳልኩት ብቆጥረው ጥሩ ነበር።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ያንኑ ቁጥር ደወልኩ። «ባቃላ» አለ ያው ድምፅ። ሳልዘጋ «ወንድሜ፣ አማርኛ ትችላለህ?» አልኩት።

«እንዴት አልችል? ጀፋር እባላለሁ፤ የከሚሴ ልጅ ነኝ። የኑራ ሰው ነሽ?»

«ኑራ ማን ናት?»

«ዓርብ ዓርብ የምትደውለው ናታ። እኔ ዳቦና ጋዝ ለየእርሻው ሳደርስ ስልኬን ለልጆቹ እሰጣቸዋለሁ፤ እሷ ታናግራቸዋለች። የእነሱን ስልክ ማዳሞቹ ናቸው የሚይዙት። አሁን መደወል ካቆመች ሁለት ዓርብ አለፈ። ሞታለች ወይ ብዬ ነበር።»

«የየት አገር ሰው ናት፣ ይቺ ኑራ?» አልኩ።

«ክርስቲያን ናት፣ የናንተው። እዚህ አራት ዓመት ስትሠራ ማዳሟ ስሟን መጥራት አቅቷት ነው ኑራ ያለቻት። ዮርዳኖስ ነው መሰለኝ ስሟ።»

ስለ ሃይማኖት ጠየቅሁት። ቤተሰቡ ለበጋው ወደ ውጭ ሄደዋል፤ እሷ ከአሮጊቷ ጋር ቀርታለች። ከዐሥር ቀን በፊት ሆዷን ይዛ በሩ ላይ ቆማ አይቷታል። «ኑራ ስትደውል እነግራታለሁ ብዬ ጠበቅሁ» አለኝ። ኀሙስ ዕለት መኪና መጥቶ ወሰዳት። ወዴት እንደሆነ አያውቅም።

ዐሥር ቀን። መጀመሪያ ደውዬ «ባቃላ» ሲለኝ የዘጋሁበት ዓርብ ቀን ማለት ነው። በዚያው ቀን ሆዷን ይዛ ቆማ ነበር።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ከሥራ ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ያጠፋኋቸውን አሥራ አንድ ስሞች መለስኩ፤ የስዌይሃን አራቱ የጻፉት ሁሉ ከእነዚህ ነው። ኑራን ከዮርዳኖስ ጋር አንድ ነጥብ አደረግሁ። ቆይ፣ ወለተ ሐና? የክርስትና ስም እኮ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱን ሴት ደውዬ ጠየቅሁ። «እትዬ ዮርዳኖስ ናታ፤ መዝገቡም ላይ ከስሟ ጎን በቅንፍ አለ። እዚህ ክርስትና ያነሣቻቸው ሁሉ በክርስትና ስሟ ነው የሚያውቋት» አለችኝ።

አንዲት ሴት ሦስት ቦታ ቆርጬ፣ አንዱን ቁራጭ ሠላሳ አንደኛ ብዬ፣ አንዱን መልኳን የማላስታውሳት ዝምተኛ አድርጌ፣ ትልቁን ቁራጭ ባዕድ ናት ብዬ ጥያለሁ። እኛ እዚህ አገር ሦስት ስም የሌለን ማን ነን? የእኔንም ክሊኒኩ «ሊና» ነው የሚለው። እንዴት አላሰብኩትም?

ሦስቱን ገጥሜ አሰላሁ። ድልድይነቷ ከሚቀጥላት አምስት እጥፍ ነው። አጠገባቸው ቆሜ ሳስሞላ በይሉኝታ ስሜን የጻፉትን ሳወጣ እኔ ሁለት መስመር ቀረኝ። አንዱ በራሴ ቅጽ የጻፍኳት ለይላ ናት፤ እሷ አባል እንኳ አይደለችም።

ለይላ ከሥራ ስትገባ ነገርኳት።

«ኑራን? ኑራን እኮ እኔም አውቃታለሁ። ያኔ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሲያልቅ ማን መሰለሽ ሰው ያገናኘኝ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ኮዱን ነበር የምትጠይቂው።» ስክሪኑን አየች። «ቆይ፣ ልጅቷ ጠፍታ አንቺ ቁጥር ነው የምታስተካክዪው? ለዮርዳኖስ ደውለሻል?»

«ይሄን ልጨርስና።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ዝጊው።»

ዘጋሁት። መጀመሪያ ግን አስቀመጥኩት። ደወልኩ፤ አታነሳም።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ከክሊኒኩ አስፈቅጄ ወጣሁ። ዮርዳኖስ የምትሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም በማይርቅ ቪላ ነው። በጓሮው በር ወጣች፤ እጇ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ አለ።

ቆሜ ነገርኳት። ኑራ የሚለውን ስሟን ማጥፋቴን፣ ሱቁን፣ ሳጥኑን።

«ሁለተኛውን ዓርብስ?»

«አልደወልኩም።»

«ሞልተሽዋል ግን።»

«አዎ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ እኮ ስልኩን ሦስቴ አንስቼ አስቀመጥኩት» አለች። «አሁን ሔለን ይዛታለች፣ ጣልቃ ብገባ ተነሥታ ተናደደች ይሉኛል ብዬ ተውኩ። እሑድ ዘጠና ሁለት ደህና ስትዪም ሰማሁ። አምኜሽ ነው።»

ከዚያ በሽንኩርት እጇ ስልኳን አወጣች። ለጀፋር፣ ለአንድ ሹፌር፣ ለአሮጊቷ ነርስ ደወለች። ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም። ሃይማኖት አል ዐይን ሆስፒታል ናት። ማን ሆስፒታል ሊሄድላት ይችላል ስትል ሙጃሂድን ነገርኳት፤ ደወልንለት። ከአንድ ሰዓት በኋላ «በዚህ ስም የተኛ ሰው የለም ይሉኛል» ብሎ መልሶ ደወለ።

ዮርዳኖስ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «ሐፍሳ በላቸው፣ ወንድሜ። ያመጣት ደላላ በፓስፖርቷ ሐፍሳ ነው ያስባላት።»

አገኛት። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነው የደረሰችው። ኀሙስ ማታ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። መርዙ ተሠራጭቶ ስለነበር እስከ ዛሬ አልነቃችም ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ዓይኗን ገልጣለች። ሐኪሙ «አምስት ቀን ቀደም ብላ ብትመጣ ቀላል ነበር» ብሎታል። ሙጃሂድ ይህን ሲነግረኝ ክፋት አልነበረበትም። የሰማውን ነው ያለው።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

አቶ ገብረ ሥላሴ ጋ ሄድኩ። ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «የኮምፒውተር ስህተት ነው ብንል ምን አለበት? አንቺም ማኅበሩም አትዋረዱም» አሉ።

ኮምፒውተሩ እኮ አልተሳሳተም። የሰጠሁትን አስልቶ ባልኩት ቦታ አስቀመጠ። ሳጥኑን የሞላሁት በገዛ ጣቴ ነው።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ጽሑፉን ይጠብቃል። ትናንት ጀምሬው ነበር። «ኮድ እህታችንን እንዴት አገኘ» ይላል ርዕሱ። ሦስት አንቀጽ ሄጄ ሳነበው ደስ ይላል፤ የሳጥኑ ነገር የለበትም። ዛሬ አጠፋሁት። ለአዘጋጁ አሞኛል ብዬ ላክሁ። ይሄም ውሸት ነው፤ ወይም ግማሹ።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

በስብሰባው ተነሥቼ ተናገርኩ። ከሥራ ለመጡት ሴቶች፣ ዓይናቸው እንቅልፍ ላጣ፣ ለዘጠናዎቹ። ሳጥኑን ጭምር። ማንም አልጮኸብኝም። ያቺ ጫማ ማውለቂያው ጋ ያወራችው ሴት አንገቷን ደፋች፤ እኔ ጎንበስ ያልኩት እንደሆንኩ አሁን ነው የገባት።

አዲሱን ሥዕል ለጠፍኩ። መሐል ላይ ዮርዳኖስ አለች፣ ሦስት ስሟ አንድ ላይ ተጽፎ። የስዌይሃን አራቱም፣ የጀፋርም መስመር በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። አቶ ገብረ ሥላሴ «እንግዲህ ወደ ቦታሽ ተመለሺ» አሏት።

«አልመለስም» አለች።

ወደ ግድግዳው ሄዳ ትልቋን ነጥብ በመዳፏ ሸፈነቻት። «እስቲ እዩት። እኔ ብታመም እነዚህ አራቱ የት ናቸው? ሁለት ዓርብ ዝም አልኩ፣ ልጅቷ ልትሞት ነበር። ሔለን ባትሳሳትም ሌላ ቀን እኔ ስወድቅ ይሄው ነው የሚሆነው። ዘጠኝ ዓመት ለማንም ሳላሳይ መያዜ የእኔ ጥፋት ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «ሁለት ሴት ስጪኝ። ጀፋርን አስተዋውቃቸዋለሁ፣ ሹፌሩንም። ከዚያ አስልተሽ አምጪልኝ፤ የእኔ ቁጥር ሲቀንስ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ማንን ልስጥሽ?»

«አንዷ አንቺ ነሽ። የአንቺም እንዲህ ሁለት መስመር ሆኖ አይቀርም።»

ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ። ማክሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ አብረን አል ዐይን እንሄዳለን። ሃይማኖት ጥቂት ጥቂት መናገር ጀምራለች፤ ለሙጃሂድ «ኑራ ለምን ተወችኝ?» ብላዋለች። እሱ አልመለሰላትም።

«እኔ አልመልስላትም» አለች ዮርዳኖስ። «አንቺ ነሽ የምትነግሪያት። እኔ ከበሩ ውጭ እቆማለሁ።»

እሺ አልኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ከሐፍሳ፣ ከሃይማኖት፣ በየትኛው ስም እንደምጠራትም አላውቅም። ብትቆጣኝም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ብታዞርም፣ ያለችኝን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ሳላሳምር፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ።